ጥቁር የዱቄት ልብስ ቀለም፦ ለጥጥ ጥሩ፣ ለፖሊስተር ከንቱ

በመርካቶና በየሰፈሩ ሱቅ በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠው ጥቁር የዱቄት ልብስ ቀለም፣ ሐዘን ሲደርስ ነጩን ልብስ ለማጥቆር ብቻ ሳይሆን የደበዘዘ ጂንስና ቲሸርት ለማደስም የሚያገለግል፣ ከአዲስ ልብስ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ የሆነ ዕቃ ነው። ጥጥ ላይ ያሳየው ውጤት አስደስቶኛል። ሆኖም ዱቄቱ በጥቂት ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ በስስ ጨርቅ ካልተጠለለ፣ ያልሟሟው ቅንጣት ልብሱ ላይ እያረፈ ጥቋቁር ነጠብጣብ ስለሚተው፣ ማጥለሉ የሚዘለል ሥራ አይደለም። ልብሱም አስቀድሞ ታጥቦ፣ እርጥብ እንዳለ፣ እንደ ልብ በሚገላበጥበት ሰፊ ድስት ውስጥ መግባት አለበት፤ ድስቱ ግን ከዚያ በኋላ ለወጥ እንደማይመለስ ይታወቅ። ጨው የሚጨመረው ቀለሙ ከውሃው ይልቅ ወደ ጥጡ እንዲያደላ ስለሚረዳው ነው።

ፖሊስተር ይህን ቀለም አይቀበልም። የጥጥ ሸሚዝ እንኳ በፖሊስተር ክር የተሰፋ ከሆነ፣ ጨርቁ ጠቁሮ ስፌቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ እኔ መልኩን ወድጄዋለሁ፣ ለሐዘን የሚያስነክር ሰው ግን ላይወደው ይችላል።

ዋናው ቅሬታዬ በማሸጊያው ላይ ነው፤ አንዱ ፓኬት ምን ያህል ክብደት ላለው ጨርቅ እንደሚበቃ አይገልጽም። ለአንድ ወፍራም ጂንስ አንዱ ግራጫ አድርጎ ስላስቀረብኝ፣ ድፍን ጥቁር የሚፈልግ ሰው ሁለት ቢገዛ ይሻለዋል። የተነከረው ልብስ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ቀለም ስለሚለቅ ለብቻው ይታጠብ።