ስድስት ቅዳሜ፣ 400 ብርና አንድ ወረቀት፦ የጸጋ ስጦታ ሥልጠናው እንዴት ነበር?

መጀመሪያ ውጤቴን ልንገራችሁ። «ምሕረት» ነው። 100 ጥያቄ መልሼ፣ ነጥቡን ደምሬ፣ ሁለቴ አጣርቼ፣ ከሁሉ በላይ የወጣልኝ የምሕረት ስጦታ ነው። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «አንተ?» አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እውነቷን ነው። ከሦስት ቀን በፊት ለ5 ብር መልስ ከታክሲ ረዳት ጋር ለመደባደብ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ ሥልጠና ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ለአማኞች ለአገልግሎት የሚሰጠውን፣ የጸጋ ስጦታ የምንለውን፣ ለማወቅ የሚሰጥ ሥልጠና። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር «እንዴት ነበር? ልመዝገብ?» እያለ ስለጠየቀኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የአጥቢያዋን ስም አልጠራም። ቅሬታ አለኝ፣ ሰዎቹ ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እዚሁ አዲስ አበባ ያለች የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ለስድስት ሳምንት፣ በየቅዳሜው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነው። ክፍያው 400 ብር፣ ለጽሑፍ ማባዣና ለሻይ ዳቦ። ወደ 40 ሰው ነበርን። 8 ሰዓት ይባል እንጂ አንድም ቀን ከ8 ተኩል በፊት ጀምረን አናውቅም። መምህሩ ግን ሁሌ በሰዓቱ ይገኛል፤ ምስኪን፣ ባዶ የፕላስቲክ ወንበር እያየ ይቀመጣል።

ከጥሩው ልጀምር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ብቻቸውን ከ400 ብር በላይ ያወጣሉ።

መምህሩ መጀመሪያ የፈታው ቃሉን ነው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ ስጦታው «ካሪዝማ» ይባላል፤ «ካሪስ» ከሚለው የመጣ ነው፣ ጸጋ ማለት። ስለዚህ የጸጋ ስጦታ ስንል ሠርተህ ያላገኘኸው፣ ሳይገባህ የተሰጠህ ነገር ማለታችን ነው። ከዚያ ወደ እኛ ቋንቋ ዞረ፤ ጆሮዬ የቆመው እዚህ ጋ ነው። እኛ «ባለጸጋ» የምንለው ሀብታሙን ነው። «ሀብት» ራሱ ደግሞ በግዕዝ «ወሀበ»፣ ሰጠ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ሀብት ማለት ከሥሩ ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ የሚሉት ስሞች የማንንም የባንክ ደብተር አይመለከቱም። ኦርቶዶክሶች «ሀብተ መንፈስ ቅዱስ» ሲሉም ይህንኑ ማለታቸው ነው። አንዲት እህት ከኋላ «ታዲያ ስጦታን ወደ ንብረት የቀየርነው ገና ከቃሉ ጀምረን ነዋ!» አለች። ሁላችን ሳቅን። መምህሩ አልሳቀም፤ ዞሮ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ሁለተኛው ቅዳሜ የዝርዝሮቹ ቀን ነበር። 1ኛ ቆሮንቶስ 12፣ ሮሜ 12፣ ኤፌሶን 4፣ 1ኛ ጴጥሮስ 4። አራቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ደረደራቸው። እኔ ዕድሜ ልኬን «ዘጠኙ ስጦታዎች» ሲባል ነው የሰማሁት። እነዚያ ዘጠኙ ለካ የቆሮንቶሶቹ ብቻ ናቸው፤ የጥበብ ቃል፣ የእውቀት ቃል፣ እምነት፣ መፈወስ፣ ተአምራት፣ ትንቢት፣ መናፍስትን መለየት፣ ልሳን (ተናጋሪው ራሱ በማያውቀው ቋንቋ መናገር) እና ልሳንን መተርጎም። ሮሜ ላይ ሰባት አሉ፤ መስጠት፣ መምከርና ምሕረት ማድረግ እዚያ ይገኛሉ። ኤፌሶን ላይ ስጦታው ራሱ ሰው ነው፤ ሐዋርያ፣ ነቢይ፣ ወንጌል ሰባኪ፣ እረኛና አስተማሪ። ጴጥሮስ በሁለት ይጨርሰዋል፤ የሚናገር ይናገር፣ የሚያገለግል ያገልግል። አንዱ ዝርዝር ከሌላው ጋር አይገጥምም። በሦስቱም የጳውሎስ ደብዳቤዎች ውስጥ የምታገኟቸው ትንቢትና ማስተማር ናቸው (ቆሮንቶስ ላይ ማስተማር ያለው ከዘጠኙ ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 28 ላይ ነው)። «ጳውሎስ የዕቃ ቆጠራ እያደረገ አልነበረም» አለን መምህሩ። ይቺን አባባል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የሚገጥመው ሌላው ነገር ነው፤ ለምን ተሰጠ የሚለው። ቆሮንቶስ ላይ ለእያንዳንዱ የሚሰጠው «ለጥቅም» ነው፣ ለሁሉም ጥቅም። ኤፌሶን ላይ የክርስቶስን አካል ለማነጽ ነው። ጴጥሮስ ደግሞ ስጦታ የተቀበለውን ሁሉ «መጋቢ» ይለዋል። እኛ ይሄን ቃል የማዕረግ ስም አድርገነው በፖስተር ላይ በትልቁ እንጽፈዋለን እንጂ፣ መጋቢ ማለት የሰው ጎተራ ተረክቦ ለቤተሰቡ ቀለብ የሚሰፍር ሰው ነው። እህሉ የሱ አይደለም።

ሦስተኛው ቅዳሜም ደህና ነበር። ስለ ቆሮንቶስ ነው ያወራነው። ደብዳቤው እ.ኤ.አ. በ55 ገደማ ከኤፌሶን የተጻፈ ነው። ገና ምዕራፍ 1 ላይ ጳውሎስ አንድም የጸጋ ስጦታ እንደማይጎድላቸው ይነግራቸዋል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» እየተባባሉ ተከፋፍለዋል። ምዕራፍ 6 ላይ እርስ በርስ ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ። ምዕራፍ 11 ላይ በጌታ እራት አንዱ ይራባል፣ ሌላው ይሰክራል። ስጦታ ሞልቶ የተረፋት ቤተ ክርስቲያን ማለት ይቺ ናት! እና በየሠርጉ የምናስነብበው ምዕራፍ 13፣ ያ የፍቅር ምዕራፍ፣ ለሙሽሮች አልተጻፈም። በስጦታ ለሚፎካከሩ ሰዎች የተጻፈ ተግሣጽ ነው፤ በ12 እና በ14 መሃል የተቀመጠው ለዚህ ነው። እኔም ሠርግ ላይ ተነቦልኛል። ተግሣጽ መሆኑን ያኔ ባውቅ ኖሮ ከረባቴን ከማስተካከል ይልቅ እሰማ ነበር።

ከዚሁ ቀን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በኋላ ያናደደኝ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሐዋርያት ሥራ 11 ላይ አጋቦስ የሚባል ነቢይ አንጾኪያ ሄዶ ታላቅ ረኃብ እንደሚመጣ ይናገራል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጣና ገንዘቡን በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ላሉት ወንድሞች ላኩ። አለቀ። ትንቢቱ ቀለብ ሆነ። «መኪና ሲመጣልህ አየሁ» የሚል የለበትም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አራተኛው ቅዳሜ መጠይቁ ታደለ። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ መስፋፋት የጀመረ ነገር ነው፤ እኛ ጋ የደረሰው ተተርጉሞ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ፣ ከዚያ የፎቶ ኮፒው ፎቶ ኮፒ ሆኖ ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከ0 እስከ 3 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ለምሳሌ «የታመመ ሰው ሳይ ልቤ ያዝናል» ይላል። የማያዝን ማን አለ? 3 ጻፍኩ። አንዱ ጥያቄ ቀለሙ ሄዶ ግማሹ አይነበብም፤ 2 ጻፍኩ፣ ለመሃሉ። እንግዲህ የምሕረት ስጦታዬ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ችግሩ የቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። መጠይቁ የሚለካው እኔ ስለ ራሴ የማስበውን ነው። ስጦታው ለሌላው ከተሰጠ ደግሞ መጠየቅ ያለበት የተቀበለው ሰው ነው። አካል ነን ስንል ሁለት ሳምንት ከርመን፣ ዓይን እጅን «አታስፈልገኝም» ሊለው አይችልም ስንል ከርመን፣ ከዚያ እያንዳንዳችን ጥጋችንን ይዘን ብቻችንን ስለ ራሳችን ነጥብ ደመርን። ዓይን ራሱን አያይም እኮ! ግማሹን ወረቀት ለባለቤቴ ቢሰጧት ውጤቴ ሌላ ነበር። የዕቃ ቆጠራ አይደለም የተባለው ነገር በአራተኛው ሳምንት የዕቃ ቆጠራ ሆነ፤ መደብ ተሰጥቶን ወደ ቤት ሄድን። አንዱ ወጣት «ሐዋርያነት» ወጣለትና ከዚያ ቀን ወዲህ አካሄዱ ራሱ ተቀይሯል። ሌላዋ ደግሞ ሁሉም ነጥቧ ዝቅ ብሎ ደብሯት ወጣች። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣችም።

አምስተኛው ቅዳሜ ስለ ልሳን ነበር፤ ሁላችን የፈራነው ቀን። ክፍሉ ውስጥ በልሳን ያልተናገረ ገና መንፈስ ቅዱስን አልተሞላም ተብሎ ያደገ አለ፣ ልሳን ሲሰማ በሩን የሚያይም አለ። ስጦታዎቹ ከሐዋርያት ጋር አብቅተዋል ወይ የሚለውን ክርክር መምህሩ በ10 ደቂቃ አለፈው፤ እኔም እዘለዋለሁ። ይልቅ ምዕራፍ 14ን አስነበበን። በልሳን የሚናገሩ ካሉ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት፣ በየተራቸው፣ አንዱም ይተርጉም፤ የሚተረጉም ከሌለ በጉባኤ ዝም ይበል። ጳውሎስ ራሱ በማኅበር እልፍ ቃላት በልሳን ከመናገር ሌሎችን የሚያስተምሩ አምስት ቃላት በአእምሮ መናገር እወዳለሁ ይላል። አንብበን ስንጨርስ ዝም አልን። የየራሳችንን የአዳር ጸሎትና የሞንታርቦውን ጩኸት እያሰብን ይመስለኛል። ጎበዝ መምህር ነው፣ ማንንም አላሸማቀቀም።

ስድስተኛው ቅዳሜ ነው የተበላሸው። ማጠቃለያ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ «እንግዳ አለን» ተባለ። እንግዳው ነቢይ ነው፤ ሥልጠናውን ያዘጋጀው ክፍል ነው የጋበዘው እንጂ መምህሩም ገና ያኔ የሰማ ይመስላል። አንድ ሰዓት ተኩል ማይክ አልለቀቀም። አንዷን አስነስቶ ስለ ውጭ ጉዞ ነገራት፣ አንዱን ስለ ንግድ፣ አንዱን «ጠላትህ የቅርብ ዘመድህ ነው» አለው። ልጁ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ማታ ቤቱ ገብቶ ማንን በምን ዓይን እንደሚያይ አስቡት። ከዚያ «ዘር ዝሩ»፣ ማለትም ገንዘብ ስጡ፣ ተብሎ ፖስታ ዞረ። ለግል ትንቢት የሚፈልግ ስልክ ቁጥር ተሰጠው።

ያውም ገና ባለፈው ሳምንት ከዚያው ምዕራፍ ላይ ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎችም ይለዩአቸው፣ ማለትም የተናገሩትን ይመርምሩ፣ የሚለውን አንብበን ነበር። ማን ለየ? ማንም። እጄን አውጥቼ ነበር፣ አልታየልኝም፤ ወይ እንዳልታየ ተደረገ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲሞን ጠንቋዩ ገንዘብ አምጥቶ እጅ ጭኖ መንፈስ ቅዱስን የመስጠትን ሥልጣን ስጡኝ ሲል ጴጥሮስ «ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ነው ያለው። የኛ ፖስታ ግን ሞልቶ ወጣ። መምህሩ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። አዘንኩለት።

በነገራችን ላይ ድምፁ ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቅ ነበር። ዱባይ ያለችው እህቴ ማታ ሥራ ስትጨርስ እየሰማች ስትከታተል ከርማ፣ ስድስተኛውን ከሰማች በኋላ አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ፦ «ይሄኛውን ማን ጨመረበት?»

የሻይዋን እናት ሳላነሣ ብቀር ደግሞ ግፍ ነው። በየቅዳሜው ሻይ የምታፈላልን አንዲት እናት አለች፤ «እማማ» ነው የምንላት። መጠይቁን አልሞላችም፣ ጓዳ ነበረች። አንድ ከሩቅ የሚመጣ ወጣት አለ፤ ዳቦ ሲዞር «በልቻለሁ» ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሲወጣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ቦርሳው ውስጥ ስትከትለት አየሁ፣ ሳትናገር፣ ለሰው ሳታሳይ። ነጥቧ ዝቅ ብሎ የቀረችውን ልጅም ስልኳን ፈልጋ የደወለችላት እሷ ናት፤ ልጅቷም ስድስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች (በዚያ ቀን መመለሷ ዕድሏ ነው እንግዲህ)። 1ኛ ቆሮንቶስ 12፡28 ላይ ከመፈወስ ስጦታ ቀጥሎ «እርዳታ» የሚል ቃል አለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዝርዝሩ ስናወራ ማናችንም ቆም አላልንበትም። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ፣ ኢዮጴ በምትባል ከተማ ዶርቃ የምትባል ደግ ሴት ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነው። በነጥብ የሞላ ወረቀት አልነበራቸውም።

ልመዝገብ ወይ ላላችሁኝ፦ ያው መምህር ካለ ተመዝገቡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አምስተኛውን እንዳያመልጣችሁ። መጠይቁን ከሞላችሁ ለትዳር ጓደኛችሁ ወይ አብሯችሁ ለሚሠራ ሰው አሳዩትና ፊቱን ተመልከቱ። የመጨረሻውን ቀን ፕሮግራም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ «እንግዳ አለ» ከተባለ ቤታችሁ ልብስ እጠቡ። አዘጋጆቹም ይሄን ካነበቡ፣ ለወረቀቱ አዲስ ቀለም ግዙለት።

አንድ የቀረ ነገር። መጨረሻ ላይ «በየትኛው አገልግሎት መሳተፍ ትፈልጋለህ?» የሚል ቅጽ ሞልተን ነበር። እኔ በምሕረቴ ምክንያት የሆስፒታል ጥየቃን መረጥኩ። አንድ ወር አለፈ፣ የደወለልኝ የለም። ባለፈው ሐሙስ ግን እማማ ደወለች። «ልጄ፣ ቅዳሜ ለቅሶ አለብን፣ ወንበር የሚደረድር ጠፋ፣ ትመጣለህ?» አለችኝ። ሄድኩ። 120 ወንበር ነው፤ አራቱ እግራቸው ተሰብሯል፣ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ።