ሞተሯ በቡና ጆንያ ነበር፦ ጅማ ላይ ተፈታታ የገዛኋት ካርማን ጊያ

መኪናዋን ስረከብ ሞተሯ በሦስት የቡና ጆንያ ተከፋፍሎ ነበር። ካምቢዮው ጎተራ ሥር ነበር። በሮቹ ግድግዳ ተደግፈው፣ ወንበሮቹ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አንሶላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቦዲዋ ከግቢው ጥግ በአራት ድንጋይ ላይ ቆማ ላስቲክ ተሸፍናለች። ይሄ ከሆነ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ፎቶዋን ያየ ሁሉ «የት አገኘሃት? በስንት ገዛሃት? ያዋጣል ወይ?» ስለሚለኝ አንዴ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልጻፈው ብዬ ነው።

ያዋጣል። ግን የምትከፍሉት ለላሜራው፣ ለመስታወቱና ለሊብሬው ከሆነ ብቻ ነው። ለሞተሩ ብላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ።

ለማታውቋት፣ ካርማን ጊያ የቮልስ እህት ናት። ቅርጿን ያወጣው ቱሪን ያለው የጣሊያኑ ጊያ ነው፣ የሠራት ደግሞ ኦስናብሩክ ያለው የጀርመኑ ካርማን። ስሟም የሁለቱ ነው። በፈረንጅ ከ1955 እስከ 1974 ተመርታለች። ከቆዳዋ ሥር ያለው ግን ከሞላ ጎደል ቮልስ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ አራት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የለም፣ ውሃ የለም። የእኔዋ በፈረንጅ የ1967 ሞዴል ባለ 1500 ሲሲ ናት፤ 44 የፈረስ ጉልበት። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ስለምትበልጥ ከዚያም ላይ አየሩ የራሱን ይቀንሳል። ስለዚህ «ስፖርት መኪና» ሲባል ቅርጿን ማለት ነው። ዝቅ ብላ፣ ጣሪያዋ ክብ ብሎ፣ በሮቿ የመስታወት ፍሬም የላቸውም። ፍጥነት የሚፈልግ ሌላ ይግዛ። እኔ ውበቷን ነው የፈለግኩት።

የሸጡልኝ ሽማግሌ ናቸው። ከአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ፈረንጅ መምህር ገዝተው እስከ ጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሲነዷት ከተማው ሁሉ ያውቃቸው እንደነበር ነገሩኝ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ በቮልስ ተጭነው ከቤተ መንግሥት መውጣታቸውን ሲሰሙ፣ በማግስቱ ይህችን መኪና ግቢ አስገቧት። «በእሷ መታየት ፈራሁ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ አንዴ ሊያድሷት ፈቷት፣ ልጆች መጡ፣ ትምህርት ቤት መጣ፣ ሳይገጥሟት ቀሩ። ግን እንዴት እንደፈቷት! ብሎኑ ሁሉ በድልህ ጣሳ ነው። እያንዳንዱ ጣሳ ላይ በቀለም «የቀኝ በር»፣ «ፓራውልት የፊት»፣ «ዳሽቦርድ» ተብሎ ተጽፏል። ብሎኖቹ በሞተር ዘይት ተነክረው ስለተቀመጡ ዝገት የሚባል ነገር አልነካቸውም። ተፈትታ የምትሸጥ መኪና ስታዩ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ይሄንን ነው፦ የፈታው ሰው መልሶ ሊገጥማት አስቦ ነበር ወይስ ሊሸጣት? ብሎኑ በአንድ ባልዲ ከተደባለቀ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ነው የፈታት።

ቅሬታዬ ደላላው ላይ ነው። «ከነሙሉ ዕቃዋ ናት፣ አንድ ዳዶ አትጎድልም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው እንዲህ አላሉኝም። እቤት ወስጄ አንድ በአንድ ስዘረጋው ካርቡሬተሩ የለም፣ ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) የለም፣ የቀኝ የኋላ ጎን መስታወት ጎሚኒ የለም፣ የአፍንጫዋ የግራ መተንፈሻ ጌጥ የለም። ደላላው ከዚያ በኋላ ስልክ አላነሳም። ኮሚሽኑን በእጁ ስለተቀበለ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፦ ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ውሰዱ፣ ሸራ አንጥፉ፣ ዕቃውን ሁሉ መኪናው ላይ በሚቀመጥበት ቅደም ተከተል ደርድሩት። የጎደለው ቦታ ራሱ ይናገራል። ፎቶ አንሱ። ከዚያ ነው ዋጋ።

ዋጋው 500 ሺህ ተብሎ ተጀመረ፣ በ340 ተስማማን። ለአይሱዙ 6 ሺህ ከፈልኩ።

ከዋጋው በፊት ግን የሻሲ ቁጥሩን አይቻለሁ። ይሄንን ማንም እንዳይዘል። ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ቱቦ መሰል ብረት ላይ ተመትቷል። ቆሻሻውን በጨርቅና በናፍጣ ጥረጉት። በፈረንጅ ከ1965 ሞዴል ወዲህ ባሉት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው ዓመቷን ይነግራል። 147 ብሎ ከጀመረ የ1967 ካርማን ጊያ ናት። 117 ካለ ግን የዚያው ዓመት ቮልስ ነው፣ ማለትም አንድ ሰው የጊያን ቦዲ ቮልስ ሻሲ ላይ ጭኗል። ይሄ ደግሞ ሁለት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የጊያ ወለል ከቮልስ ይሰፋል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ተቆርጦ ተቀጥሏል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ሌላ ብረቱ ላይ ያለው ሌላ ከሆነ ስም ማዞር የማይታሰብ ነው። የእኔ 147 ነው፣ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ሽማግሌው ሊብሬውን ከቁርአናቸው ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጠውት ነበር።

አሁን ወደ ላሜራው። ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው።

የቮልስ ፓራፋንጎ (ጎማውን የሚሸፍነው ላሜራ) በብሎን የታሰረ ነው፤ ቢበሰብስ ፈትታችሁ ሌላ ትገጥማላችሁ። የጊያ ግን አፍንጫዋና ጎኗ ሁሉ ተበይዶ አንድ አካል ሆኗል። ስትገጭ ወይ ስትዝግ ፈትቶ መቀየር የለም። ሌላ አፍንጫ ደግሞ ሶማሌ ተራ ብትዞሩም አታገኙም። ስለዚህ ማግኔት ይዤ ሄድኩ። ማግኔት ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድለት የሚደፈንበት ሊጥ ነው ብዬ ነው። ጣሪያው ያዘ፣ በሮቹ ያዙ፣ ኮፈኑ ያዘ። አፍንጫዋ ላይ መገጣጠሚያው ጋ ስደርስ ግን ማግኔቱ ሸርተት አለ። ሆዴ ቦጭ አለ። ይዤው የሄድኩት ባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ሠሪ) ምንም ሳይናገር ከኪሱ ሚስማር አወጣና ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገው። ስቱኮ ቢሆን ዱቄት ይረግፍ ነበር። የወጣው ግን እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ለስላሳ ነገር ነው። ሚስማሩ እንደ ሳሙና ነው የገባበት። «ይሄ የፋብሪካው እርሳስ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ካርማን ላሜራውን በይዶ መገጣጠሚያውን እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረትና በቆርቆሮ ቅልቅል ይሞላ ነበር፣ ከዚያ ሠራተኛ በእጁ በሞረድ ያለሰልሰዋል። ማግኔት የማይዘው እርሳስ ስለሆነ ነው። የፋብሪካው እርሳስ እንዳለ መኖሩ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ገጭታ እንደማታውቅ ነገረን። ዋጋ ላስቀንስበት ያሰብኩት ነገር ዋጋ የሚያስጨምር ሆኖ ተገኘ። አንድ ማሳሰቢያ ግን፦ እርሳስ በደረቁ በሸካራ ወረቀት አይፈተግም። አቧራው መርዝ ነው። እርጥብ አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ሥሩ፣ ልጆችንም አርቁ።

ዝገቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። ጅማ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። ከበር ሥር ያለው ደፍ ባዶ ነው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚወስድ ቱቦ በውስጡ ያልፋል፣ እርጥበት ከገባ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። ከላይ ስታዩት ደህና ነው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ስትሉት እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። የእኔ የግራው እንዲያ ነበር። ከሞተሩ ጎን ባትሪ የሚቀመጥበት ቦታም አሲድ በልቶት ተበስቷል። የወለሉም ሩቡ አልቋል። የቮልስ ወለል ስለሚጠብ ቆርጦ መለጠፍ አይሆንም፣ አዲስ ላሜራ ታጥፎ መሠራት ነበረበት።

ይሄንን የሠራልኝ ያው ባለ ሚስማሩ ባትላሜራ ነው። ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም፤ ጅማ ውስጥ ከሂርማታ ሰፈር ብዙም አይርቅም። ስለ እሱ ሥራ ለመናገር ቃል ያጥረኛል። የወለሉን ጉብታዎች ከቀኙ ላይ በካርቶን ልኩን ወስዶ፣ እንጨት ላይ በመዶሻ ቀጥቅጦ አወጣቸው። ሲጨርስ የድሮውንና የአዲሱን መለየት አቃተኝ። ባትላሜራ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው፣ እና ያን ቀን ቃሉን በዓይኔ አየሁት። ጉድለቱ ጊዜ ነው። ሁለት ወር ያለው አምስት ወር ሆነ። ዋጋም በወረቀት አይጽፍም፣ በቃል ነው፤ እስካሁን 185 ሺህ ደርሷል። ግን ሰኔ ላይ «ቀለም ይቀባልኝ» ብዬ ስለምነው እምቢ አለ። በክረምት እርጥበት ላይ የተቀባ ቀለም ውሃ ያዝላል፣ በኋላ ያብጣል፣ መስከረምን ጠብቅ አለኝ። ቀብቶ ብሩን መቀበል ይችል ነበር።

ሞተሩን ለሌላ መካኒክ ሰጠሁ፣ ቮልስ ላይ ያረጀ ሰው ነው። ጆንያዎቹን ሲከፍት መጀመሪያ ያነሳው የሦስተኛውን ሲሊንደር ቫልቭ ነው። «የዚህ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው» አለ። የዘይት ማቀዝቀዣው የሚሄድለትን አየር ስለሚዘጋበት ሦስተኛው ሁሌም ይሞቃል። እውነትም የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቷል። ማግኒዥየም ብሎኩ ግን አልተሰነጠቀም። ክራንክሻፍቱን ቦታው ላይ አስቀምጦ ፑሊውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውስጥ ገፋ፣ ወደ ውጭ ሳበ። «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ኩሽኔታው አልቋል አለኝ። አልሰማሁም። ፒስተኑን ከነሲሊንደሩ፣ ፋሻውን፣ የፍሪሲዮን ዲስኩን፣ ሞተሪኖውንና ካርቡሬተሩን አዲስ አበባ መርካቶ አንድ ቀን ውዬ ነው ያገኘሁት። ለሞተሩ አትክፈሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ቮልስ በአገራችን እስካለ ድረስ የሞተሩ ዕቃ ይገኛል። ያስቸገረኝ የፊት ፍሬን ብቻ ነው፤ የእሷ ዲስክ ነው፣ እዚህ ያሉት ብዙዎቹ ቮልሶች ደግሞ ታምቡር ናቸው፣ ጎሚኒዎቹን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮም የላትም፣ ወንፊት ነው ያላት። ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ተነሳች። ቀለም ገና ነው፣ መስታወትም አልገባም። ሽማግሌውን ጠራኋቸው። ልጃቸው በባጃጅ አመጣቸው። ሞተሩ ሲነሳ አንዴ ተንኳኳ፣ ከዚያ ያንን የቮልስ ድምፅ አወጣ። ጋሼ ምንም አላሉም። ጠጋ አሉና እጃቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው ቆሙ፣ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እጃቸውም አብሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ «ማርሿ ሁለተኛው ላይ ትንሽ ይከብዳል፣ አታስገድዳት» አሉኝ።

አሁን ያላገኘኋቸው ዕቃዎች ሁለት ናቸው። የቀኝ የኋላ ጎን መስታወት ጎሚኒ፣ እና ከአፍንጫዋ ላይ ካሉት ሁለት መተንፈሻዎች የግራው ጌጥ። የሚሰበር፣ የተጣለ፣ የአያት ግቢ ውስጥ የቆመ ካርማን ጊያ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ወልቂጤም ይሁን አጋሮ፣ ሄጄ አየዋለሁ።