የድሮ ጓደኛ ወይስ አዲስ? ሀዋሳ ለገባ ሰው

በሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ሀዋሳ የመጣ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ለኔም አልቀረልኝም።

ወጪ፦ የድሮዎቹ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ለሰርግም ለለቅሶም መሄድ ኪስ ይነካል። አዲሶቹ ጋ ባጃጅ ያደርሳል።

ጊዜ፦ እዚህ ላይ የድሮው ይበልጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል ይላል። ከድሮው ጋር ይህ ሰዓት ድሮ አልቋል። ስልክ አንስቼ «አለሁ» ስለው ከድምፄ ብቻ «ምን ሆነሃል?» ይለኛል።

ቅርበት፦ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አብሮኝ የዓሣ ሾርባ የሚጠጣው አዲሱ ነው። ወባ ሲጥለኝ በሌሊት ደግፎ ክሊኒክ ያደረሰኝም እሱ ነው።

ስጋት፦ ለአዲስ ሰው ምስጢር ቶሎ ማውጣት ሊጎዳ ይችላል። የድሮው ስጋት ዝምታ ነው። «ነገ እደውላለሁ» እያልኩ ዓመት አለፈና አንድ ወዳጄን አጣሁ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ገና ከተማውን ካልለመዳችሁ፣ ማታ ማታ ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወደ ሐይቁ ዳር ውጡና ሰው ተዋወቁ። ሐዘን ወይም ከባድ ውሳኔ ከገጠማችሁ ግን ለድሮው ደውሉ፤ ዛሬውኑ።