ባለ .22 ጠመንጃዬ ከ14 ወር በኋላ

ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ጠመንጃውን ወድጄዋለሁ። እንደገና ምረጥ ብባል ያንኑ እመርጣለሁ። ግን አሁን የምወድበት ምክንያትና ያኔ የገዛሁበት ምክንያት አንድ አይደሉም። ስገዛው በልቤ የነበረው ኢላማ መምታት ብቻ ነበር።

ስለ አዲስ ጠመንጃ የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኞቹ ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ በሳምንቱ የተጻፉ ናቸው። በሳምንት ውስጥ የሚታወቀው መልኩና ክብደቱ ነው። አመሉ የሚታወቀው ሲዘንብበት፣ ብሎኑ ሲላላ፣ ጥይት ሲከሽፍበት ነው። ስለዚህ ጠበቅኩ። 14 ወር ሞላኝ፤ ደብተሬ ላይ የተመዘገበው ጥይት 2,340 ደርሷል።

ዕቃው በእጅ እየተቀባበለ አንድ በአንድ የሚተኩስ፣ ሰደፉ የእንጨት፣ ካዝናው አምስት ጥይት የሚይዝ ጠመንጃ ነው። የሚጎርሰው .22 ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ጥይት ነው፤ ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት በኢንች ሲለካ ነው። ይህ ጥይት ከ1887 ጀምሮ አለ፣ ዛሬም ለልምምድ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ስትተኩሱት ነው። ከበርሜሉ የሚወጣው የጥይቱ እርሳስ በተለመደው 2.6 ግራም ብቻ ነው፣ ወደ ኋላ የሚገፋው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትከሻ አያምም፣ ዓይን አያስጨፍንም። በከባድ ጠመንጃ የጀመረ ሰው ቃታውን ከመሳቡ በፊት መሸማቀቅ ይለምዳል፤ ያ አመል ደግሞ አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም።

ትንሽ ስለሆነ ግን መጫወቻ የሚመስለው ሰው አለ። እባካችሁ እንዲህ አታስቡ። የጥይት ካርቶኖች ላይ እስከ አንድ ማይል ተኩል ድረስ አደገኛ መሆኑ በማስጠንቀቂያ ይጻፋል፤ ይህ ወደ 2.4 ኪሎ ሜትር ነው። እርሳሱ ለስላሳና ክብ አፍንጫ ያለው በመሆኑ በውሃ ላይ፣ በድንጋይ ላይ፣ በደረቀ መሬት ላይ ገደድ ብሎ ካረፈ ነጥሮ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ገጠር ሄጄ ሜዳ ሳይ መጀመሪያ የማየው ኢላማዬን የት እንደማቆም አይደለም፤ ከኢላማው ጀርባ ምን እንዳለ ነው። ከጀርባው ለስላሳ አፈር ያለው፣ ቀጥ ያለና ከፍ ያለ ጉብታ ከሌለ ለእኔ ያ ቦታ የተኩስ ቦታ አይደለም።

ስለ ኢላማው ላውራ። የምተኩሰው 50 ሜትር ላይ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድር በዚህ ርቀት የሚሠራበት ወረቀት ላይ የአስር ነጥቡ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የጥይቱን ውፍረት እንኳ ሁለት እጥፍ አይሞላም። መጀመሪያ ሰሞን አምስት ጥይት ስተኩስ ቀዳዳዎቹ የቡና ስኒ አፍ ያህል ይበታተኑ ነበር። አሁን በጸጥታ ቀን፣ ደረቴን መሬት አስደግፌ፣ አምስቱን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ እሰበስባለሁ። ይህ ሁሉ የእኔ ችሎታ አይደለም። ስድስት ዓይነት ጥይት ሞከርኩ፣ ጠመንጃው የወደደው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱም ውዱ አይደለም። የወደደው ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄድ፣ ቀስ ያለው ጥይት ነው። እያንዳንዱ በርሜል የየራሱ ምርጫ አለው። ስለዚህ የጓደኛችሁን ጥይት አይታችሁ በብዛት አትግዙ፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ካርቶን ሞክሩ።

ቀስ ያለ ጥይት ነፋስ ያስተምራል። 50 ሜትር ላይ ጠንከር ያለ የጎን ነፋስ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ሲገፋው በዓይኔ አይቻለሁ። በ50 ሜትር ያስተካከልኩትን ማነጣጠሪያ ሳልነካ 100 ሜትር ላይ ስተኩስ ደግሞ ጥይቱ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ወርዶ ያርፋል። አሁን ከመተኮሴ በፊት ሳሩን ነው የማየው።

በአምስተኛው ወር ላይ ነገሩ ተበላሸ። ጥይቶቼ ወደ ግራ መሄድ ጀመሩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነበር፣ አተነፋፈሴን፣ የጣቴን አቀማመጥ። ሁለት ቅዳሜ በከንቱ አለፈ። ከዚያ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎኖች ስነካካ ከአራቱ ሁለቱ በጣት የሚዞሩ ሆነው አገኘሁ። አጠበቅኳቸው፣ ተሻለ፣ ግን አልዳነም። እንደገና ግራ።

በመጨረሻ ያገኘሁት በወረቀት ነው። ይህን ልብ በሉ፣ ማንም ሊሞክረው የሚችል ነገር ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ቦልት የሚባለውን ማቀባበያ ነቅዬ አወጣሁ፣ ከዚያ አንድ ቁራጭ ወረቀት በበርሜሉና በሰደፉ እንጨት መካከል አስገብቼ ወደ ኋላ ሳብኩት። አዲስ እያለ ወረቀቱ ምንም ሳይይዘው ይንሸራተት ነበር። አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ በርሜሉን በአንድ ጎን ይገፋው ነበር። በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል፤ አንድ ጎኑ ከተነካ ጥይቱ መንገዱን ይቀይራል። ሰደፉን ስፈታው ምክንያቱ ታየኝ። ከውጭ የሚያምር ቅባት ተቀብቷል፣ ከውስጥ ደረቅ እንጨት ነው። እዚህ ላይ በሠሪዎቹ አዝኛለሁ፣ አንድ እጅ ቅባት ምን ያህል ይፈጃል? ከእሳት አርቄ ሁለት ሳምንት አደረቅኩት፣ የነካውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሻሸሁት፣ ውስጡን ሦስት ጊዜ ቅባት አጠጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሌላ የዝናብ ወቅት አልፏል፣ ወረቀቱ አሁንም ይንሸራተታል።

ሌላው ቅሬታዬ ቃታው ነው። ሲመጣ ከባድና የሚንቀረፈፍ ነበር፤ ትስቡታላችሁ፣ ትስቡታላችሁ፣ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። ቪዲዮ አይቼ ራሴ ላቅልለው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አላደረግኩትም፤ ደስም ብሎኛል። ከልክ በላይ የቀለለ ቃታ ጠመንጃው ሲጋጭ ወይም ሲወድቅ ሊባርቅ ይችላል፣ የባረቀ ጥይት ደግሞ ባለቤቱን አይለይም። ለባለሙያ ሰጠሁት። ካስተካከለው በኋላ ባዶውን አቀባብሎ ሰደፉን ጎማ ላይ ደጋግሞ መታው፣ አልለቀቀም። እንደዚያ ሲያደርግ እያየሁ ነው ገንዘቡ የት እንደሄደ የገባኝ።

መነጽሩንም ቀይሬአለሁ። የመጀመሪያው ለትልልቅ ጠመንጃ የተሠራ፣ ለ100 ያርድ (90 ሜትር ያህል) የተስተካከለ ነበር። ዓይኔን ትንሽ ሳንቀሳቅስ መነጽሩ ውስጥ ያለው የማነጣጠሪያ መስቀል ኢላማው ላይ ይንሸራተታል። ለ.22 የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ያርድ ተስተካክለው ይመጣሉ። ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

በ2,340 ጥይት ውስጥ የከሸፉብኝ 11 ናቸው። ለዚህ ዓይነት ጥይት ይህ ያለ ነገር ነው፤ የሚያቀጣጥለው ቅመም በቀለሃው ከንፈር ዙሪያ ነው ያለው፣ አንዳንዴ እኩል ሳይዳረስ ይቀራል። ዋናው ነገር ሲከሽፍ ምን እንደምታደርጉ ነው። የመጀመሪያው ሲከሽፍብኝ እጄ ወዲያው ወደ ማቀባበያው ሄደ። የተኩስ ሜዳችን አስተማሪ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ አጠገቤ ነበሩ።

«ተው ልጄ፣ ቆይ» አሉኝ። «አፈሙዙን እንዳለ ወደ ኢላማው ያዝ።»

«ከሽፏል እኮ ጋሼ።»

«ዘግይቶስ ቢሆን?»

ቅመሙ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ሙሉ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ አወጣሁት፤ ከንፈሩ ላይ የመርፌው ምልክት ሰርጎድ ብሎ ይታያል፣ ጥይቱ ግን እንዳለ ነው። ያንን ከሌሎቹ ለይቼ አስቀመጥኩት። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ተኩስ ነው። እንደዚያ ስትሰሙ ሌላ አታጉርሱ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፣ ከኋላው ሌላ መተኮስ በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል። ጠብቃችሁ ጠመንጃውን ባዶ አድርጉ፣ ማቀባበያውን አውጡና በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን እዩ።

ጄፍ ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ የተኩስ አስተማሪ ያሰራጫቸው አራት ደንቦች አሉ፤ ማንኛውንም ጠመንጃ እንደጎረሰ ቁጠር፣ እንዲጎዳ የማትፈልገው ነገር ላይ አፈሙዝ አታዙር፣ ለመተኮስ እስክትወስን ጣትህን ከቃታ አርቅ፣ ኢላማህንና ጀርባውን እወቅ። ሳነባቸው ቀላል መስለውኝ ነበር። እጅ ውስጥ ለመግባት ግን ወራት ፈጁብኝ። አሁን ምግብ ቤት ውስጥ ጃንጥላ ስይዝ እንኳ ጫፉን ወደ መሬት አደርጋለሁ።

ለጆሮ መከላከያ ገንዘብ አትሰስቱ። የ.22 ጠመንጃ ድምፅ 140 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፣ የጆሮ ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ከተኩስ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ምንም አትብሉ፤ እርሳስ በጥይቱም በማቀጣጠያ ቅመሙም ውስጥ አለ። ጽዳት ላይ ብዙ አልልም። በርሜሉን ከኋላ ወደ ፊት ወልውሉ እንጂ ከአፈሙዝ በኩል ዘንግ አታስገቡ፤ የአፈሙዙ ጠርዝ ከተፋቀ ጠመንጃው አይመታም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ነገር ላይ ልምጣ፣ እሱም የብረት ቁም ሳጥኑ ነው። ከጠመንጃው በፊት ነው የገዛሁት። ከግድግዳውና ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቁልፍ ነው፣ ማቀባበያውም ለብቻው ተቆልፏል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፣ የናንተን እወቁ። እኔ ግን ሕግ ባይጠይቀኝም እንዲህ አደርጋለሁ፤ ቤት ውስጥ ልጅ አለ፣ የልጅ ጓደኛ አለ፣ የከፋው ሰው ሊኖር ይችላል። በስድስተኛው ወር ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ልጄ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «አባዬ፣ ቁልፉ ከካልሲህ ስር ነው አይደል?» አለኝ። ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። በዚያው ቀን ቁጥር ወዳለው መቆለፊያ ቀየርኩ፣ ቁጥሩም የማንም ልደት አይደለም።

ስለዚህ ጠመንጃ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩት። ቁም ሳጥን፣ የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መነጽር፣ የሥልጠና ክፍያ፣ ማጓጓዣ ሳጥን። ለእነዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለ፣ ጠመንጃው ይቆይ።

መጀመሪያ ላይ የወደድኩበት ምክንያት ተቀየረ ያልኩት በአሥረኛው ወር ስለሆነ ነገር ነው። ጠዋት ነበር፣ ነፋስ የለም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነበር። ከባለቤቱ ፈቃድ ያገኘሁበት ሜዳ ላይ ተኝቼ፣ መስቀሉን ኢላማው መሃል አድርጌ፣ ትንፋሼን ግማሽ አውጥቼ ያዝኩ። ቃታው ላይ ጫን ማለት ጀምሬ ነበር። ከዚያ በመነጽሩ የላይኛው ጠርዝ በኩል፣ ከጉብታው አናት ላይ አንድ ቢጫ ነገር ታየ። ጨርቅ መሰለኝ። ተንቀሳቀሰ። ጣቴን አወጣሁ። አንድ ልጅ ነበር፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ፣ ጉብታውን ከኋላ በኩል ወጥቶ ወዲያ ወዲህ ያያል። እንደማስበው የጠፋ ከብት ይፈልግ ነበር። ካዝናውን አወጣሁ፣ የጎረሰውን አወጣሁ፣ ማቀባበያውን ክፍት ትቼ ተነሥቼ እጄን አውለበለብኩለት። እሱም አውለበለበልኝና ሄደ።

ጥይቱ ጉብታው ላይ ያርፍ ነበር፣ ከእግሩ አምስት ሜትር በታች። ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ግን ለምናልባት አልተኮስኩም፣ ጣቴም ከእኔ ሐሳብ ቀድሞ ወጣ። ለዚህ ነው ይህን ጠመንጃ የምወደው፤ ቀስ ያለ ነው፣ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ ማቀባበል ይጠይቃል፣ በየመካከሉ ለማየት ጊዜ ይሰጣል። ያን ቀን ደብተሬ ላይ ሰዓቱን፣ ነፋሱን፣ ብርሃኑን ጻፍኩ፣ በጥይት ብዛት ቦታ ላይ ዜሮ።

በሳምንቱ ከባለቤቱ ጋር ሄደን ሌላ ቦታ መረጥን። ከኢላማው ጀርባ ሰው ሊወጣው የማይችል ቀጥ ያለ የአፈር ገደል አለ፣ በሁለቱም ጎን ያለው መንገድ ከተኛሁበት ይታየኛል፣ ስተኩስ ደግሞ ቀይ ባንዲራ እሰቅላለሁ። ከመኪናው 20 ደቂቃ ያህል የበለጠ በእግር ያስኬዳል፣ ዕቃ ተሸክሞ ዳገት ነው። አሁን ሁልጊዜ የምሄደው እዚያ ነው።