ለራጅ ክፍል ሠራተኞች የትኛው ዶዚሜትር ይገዛ? ቲኤልዲ፣ ኦኤስኤል ወይስ ኤሌክትሮኒክ

የራጅ ክፍል ያለው ክሊኒክ ለሠራተኞቹ ዶዚሜትር፣ ማለትም በሰውነት ላይ የሚደረግ የጨረራ መጠን መለኪያ፣ ሲመርጥ ዋናው ጥያቄ በዓመታት ውስጥ የተጠራቀመውን የጨረራ መጠን የትኛው በታማኝነት ይመዘግባል የሚለው ነው። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን የሚለካበት አሃድ) ሲሆን፣ በየትኛውም ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። ከዚህ በታች ያለው መጠን ቆዳን ባያቀላም የካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል ተብሎ ስለሚታሰብ መዝገቡ ሊዘነጋ አይገባም።

በሙቀት በሚነበበው ቲኤልዲ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሊቲየም ፍሎራይድ ሲሆን፣ ጨረራው ያስቀመጠበት ኃይል ቁሱ ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይወጣና ይለካል። ጨረራን የሚቀበልበት መንገድ ከሰው ሥጋ ጋር ስለሚቀራረብ በራጅ ጨረራ ላይ ያለው ስሕተት አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ንባቡ ራሱ መረጃውን ስለሚደመስሰው አጠራጣሪ ውጤት ቢመጣ እንደገና ማንበብ አይቻልም። ካርቦን የተጨመረበትን አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚጠቀመው ኦኤስኤል ግን የሚነበበው በብርሃን ነው፤ እያንዳንዱ ንባብም ከተጠራቀመው ጥቂቱን ብቻ ስለሚወስድ ውጤቱን ደጋግሞ ማረጋገጥ ይቻላል። በአንጻሩ ማቀፊያው ተከፍቶ ብርሃን ቢገባበት ምዝገባው ይበላሻል፤ ዝቅተኛ ጉልበት ላለው ጨረራም አብዝቶ ስለሚያነብ በማጣሪያ መታረም አለበት።

ሁለቱም ውጤቱን የሚናገሩት ተሰብስበው ከተነበቡ በኋላ፣ ይኸውም በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ወዲያው ያሳያል፣ ገደብ ሲታለፍም ይጮኻል፤ ስለዚህ ከታካሚው አጠገብ ቆሞ በራጅ እየታገዘ የልብ ደም ሥር ለሚከፍት ሐኪም ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሆኖም ማሽኑ ጨረራውን በአጫጭር ምቶች ሲለቅ አንዳንዱ ሞዴል አሳንሶ ይቆጥራል፤ ከፍ ያለ ጉልበት ላለው የጋማ ጨረራ ብቻ የተሠራው ደግሞ ዝቅተኛ ጉልበት ያለውን የራጅ ጨረራ ጨርሶ ላያየው ይችላል። ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነም ሻጩ የሚለካውን የጉልበት ወሰን በጽሑፍ እንዲያሳይ መጠየቅ ያስፈልጋል። ርካሽ የጋይገር ቆጣሪ እዚህ ንጽጽር ውስጥ አይገባም፤ የሚደርሱበትን የጨረራ ቅንጣቶች ይቆጥራል እንጂ የሠራተኛን መጠን አይመዘግብም።

በእኔ ግምት ለተራ የራጅ ክፍል ቲኤልዲ ወይም ኦኤስኤል ይበቃል፤ ከሁለቱም የሚመረጠው በቅርብ የሚያነብለት፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተቀባይነት ያለው ላቦራቶሪ የተገኘለት ነው። ኤሌክትሮኒኩ በተጨማሪነት እንጂ በምትክነት አይገዛ። ለልብ ሐኪሙ ግን ደረት ላይ የሚደረገው ብቻ አይበቃም፤ የዓይን ሌንስ ጣሪያ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓመት ከ150 ወደ 20 ሚሊሲቨርት ዝቅ ስላለ፣ ከዓይን አጠገብ የሚደረግ ሌላ ዶዚሜትር አብሮ ይታዘዝለት።