በ10 ሰከንድ የሚጠፉ ደረሰኞች፣ ለሐዋሳው ልጅ ምስጋና

ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። የአልጋ ምዝገባውና ሂሳቡ የሚሠራው ቢሮ ባስቀመጥነው ሰርቨር፣ በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ነው፤ ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ነገር ለብቻው አሽጎ የሚያሠራ ሳጥን በሉት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ባክአፕ ለመውሰድ ኮንቴይነሩ ቆሞ ይነሳል። ጠዋት ስንገባ ታዲያ የመጨረሻዎቹ ደረሰኞች የሉም። እኔ መብራት ላይ አላከክኩ። እንግዳ ተቀባያችንንም ያለጥፋቷ ተቆጣኋት፤ በዚሁ ይቅርታ። ሲስተሙን የሸጡልን ሰዎች «ሪስታርት አድርጉት» ከማለት አላለፉም።

በመጨረሻ ኮምፒውተር የሚያውቅ አንድ የሐዋሳ ልጅ ጠራሁ። ልጁ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ሲቆም ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?» ብሎ ነው። ማን ቆጥሮ ያውቃል! አስቁሞ ቆጠረ። 10። ደገመው፣ አሁንም ልክ 10። ሳቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶከር ኮንቴይነር ሲያስቆም መጀመሪያ ሲግተርም የሚባል ምልክት ይልካል፤ የያዝከውን ጨርሰህ ውጣ እንደማለት። 10 ሰከንድ ጠብቆ ካልወጣለት ሲግኪል ልኮ እዚያው ይገድለዋል። የኛ ፕሮግራም ደረሰኝ ሰብስቦ 20 ሲሞላ ነው ዳታቤዝ ውስጥ የሚያስገባው። ሳይሞላ ከተገደለ በእጁ ያለው አብሮት ይቀራል።

ማስረጃ ፍለጋ ገባ። ኮንቴይነሩ ግን በቆመ ቁጥር ከነሎጉ (የሠራውን ከሚመዘግብበት ጋር) እንዲሰረዝ ታዝዞ ኖሯል፤ ምን ይገኛል? ያን ትእዛዝ አነሳና እንደገና አስቆመው። ዶከር ኢንስፔክት በሚባለው የኮንቴይነሩን ሁኔታ በሚያሳይ ትእዛዝ ሲያየው የመውጫ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዴት እንዳበቃ የሚናገረው ቁጥር፣ 137 ሆነ። በምልክት ሲገደል ኮዱ 128 ሲደመር የምልክቱ ቁጥር ነው፤ 137 ማለት 128 ሲደመር 9፣ 9 ደግሞ የሲግኪል ቁጥር ነው። ሜሞሪ ሲያልቅም 137 ስለሚመጣ እሱንም አጣራ። አይደለም።

ጥፋቱ የተገኘው ማስነሻ ስክሪፕቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙን የሚያስነሱት ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል ላይ ነው። ምልክቱ የሚደርሰው ለሼሉ፣ ማለትም ስክሪፕቱን ለሚያስፈጽመው ነው፤ ሼሉ ለፕሮግራሙ አያስተላልፍም። መልእክቱ ዘበኛው ጋ ቀርቶ ባለቤቱ አልሰማም በሉት። ልጁ «ኤክሰክ» የምትል አንዲት ቃል ጨመረ፤ አሁን ፕሮግራሙ በሼሉ ቦታ ተተክቶ ምልክቱን በቀጥታ ይሰማል። መጠበቂያውንም ወደ 60 ሰከንድ አሳደገው። ዛሬ በ2 ሰከንድ ይቆማል፣ ኮዱም 0 ነው፤ በሰላም ወጣ ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ አንድ ደረሰኝ አልጎደለም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይሄ ሁሉ አይረዳም፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ ብሎኛል። ያስከፈለኝ የሁለት ሰዓት ሥራ ብቻ ነው። አፍሬ አሞራ ገደል ወስጄ ዓሣ ጋበዝኩት።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ግን አያነሳም።