ከፊል ሲንተቲክ 10ደብልዩ-40 ኤም ኤ 2 ዘይት፦ ከ8 ወር በኋላ ካምቢዮው ምን ይላል?

ዘይቱ ከፊል ሲንተቲክ ነው። ውፍረቱ 10ደብልዩ-40 (የፊተኛው ቁጥር ሲቀዘቅዝ፣ የኋለኛው ሲግል ያለውን ውፍረት ያሳያል)፣ የኤ ፒ አይ (የአሜሪካኖቹ የሞተር ዘይት) ደረጃው ኤስ ኤል፣ የጃሶ (የጃፓኖቹ የሞተር ሳይክል ዘይት) ደረጃው ኤም ኤ 2። የሠራበት ሞተር ሳይክል 150 ሲሲ፣ ባለ አራት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ 5 ማርሽና በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። በ8 ወር 9,600 ኪሎ ሜትር ተነድቷል፤ ዘይቱ በየ2,400 ኪሎ ሜትሩ ተቀይሯል። ከዚያ በፊት ይገባ የነበረው ሚኒራል 20ደብልዩ-50 ነው። የአምራቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው ደረጃ እኩል ከሆነ የስም ልዩነት ካምቢዮው ላይ ብዙም አይታይም።

«የካምቢዮ ዘይት የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ካምቢዮው የራሱ ዘይት ይኑረው አይኑረው ይወቅ። በአብዛኛው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ያው አንድ ሊትር ዘይት በማርሾቹ ጥርስ መሃል ይፈጫል፣ የፍሪሲዮኑን ሸራም (ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉትን ሳህኖች) ያርሳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ፒስተኑ የሚያንሸራትት ዘይት ይፈልጋል፣ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ሲነክስ የማያንሸራትተውን። የመኪና ዘይት ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ አያውቅም። በተለይ 0ደብልዩ-20 እና 5ደብልዩ-30 የሆኑ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባሉት ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ነገሩ ለመኪና ጥሩ ነው፤ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን መንሸራተት ማለት ነው።

ስለዚህ ጣሳውን ገልብጡት። ፊት ለፊት የተሣለው የሞተር ሳይክል ሥዕል ምንም አያረጋግጥም። የሚፈለገው ከኋላ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ከላይ የመለያ ኮድ፣ ከሥሩ ኤም ኤ፣ ኤም ኤ 1፣ ኤም ኤ 2 ወይም ኤም ቢ ይላል። ይህ የጃፓኖቹ ጃሶ ደረጃ ከ1998 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ኤም ኤ በ1 እና በ2 የተከፈለው በ2006 ነው (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው)። ፍሪሲዮን አጥብቆ በማስያዝ ኤም ኤ 2 ይበልጣል። ኤም ቢ ፍትጊያው ዝቅተኛ ስለሆነ ፍሪሲዮናቸው ከዘይት ውጭ ለሚሠራ ስኩተሮች እንጂ ለባለ ማርሽ አይሆንም።

ወደ ውጤቱ ስንመጣ፣ ትልቁ ለውጥ የታየው ጠዋት ጠዋት ነው። በ20ደብልዩ-50 ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ቋ ይልና ሞተር ሳይክሉ ወደፊት ይገፋል፤ ወፍራሙ ዘይት ሸራዎቹን አጣብቆ ስለሚይዛቸው የፍሪሲዮን እጀታው ተጨብጦም በደንብ አይላቀቁም። በ10ደብልዩ-40 ድምፁ ባይጠፋም ለዝቧል፣ ግፊቱ ግን ቀርቷል። ሞተሩ ግሎ ቆሞ ሳለ ዜሮ ማርሽ ማግኘትም ቀሏል። ከባድ ጭነት ይዞ በከፍተኛ ሙቀት ለሚውል ሞተር ሳይክል ግን፣ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ኤም ኤ 2 የሆነ 20ደብልዩ-50 አሁንም የተሻለ ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

ቅሬታው የሚመጣው 2,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር እግር የሚሰማው ልስላሴ ይቀንሳል፣ ዜሮ ማርሽ እንደገና መደበቅ ይጀምራል። አራቱም ጊዜ በዚያው ገደማ ሆነ። ዘይቱ በሙቀት እንዳይቀጥን የሚያደርጉት ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች ናቸው፤ የማርሽ ጥርስ እየጨፈለቀ ይቆራርጣቸዋል። 40 የሚባል የሞተር ዘይት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውፍረቱ ቢያንስ 12.5 ሴንቲስቶክስ (የውፍረት መለኪያ) መሆን አለበት፤ ሲቆራረጥ ወደ 30 ተርታ ይወርዳል። በቀለም ከፈረዳችሁ ትሳሳታላችሁ፤ ጠቆረ ማለት ጥላሸቱን ይዟል ማለት እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። እግራችሁን እመኑ። ከእንግዲህ እኔ 2,400 አልጠብቅም፣ በ2,000 ይቀየራል።

ዘይቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን የፍሪሲዮን ገመዱን እዩ። እጀታው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነፃ ጨዋታ ከሌለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ከበዛ ደግሞ አይላቀቅም። የላላ ካቴናም ማርሽ ሲቀየር ካምቢዮው የተበላሸ ያስመስላል። መንሸራተቱን ለመፈተሽ በመጨረሻው ማርሽ በመካከለኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ጋዙን በሙሉ ስጡ፦ ዙሩ ብቻውን ጮኾ ፍጥነቱ ካልተከተለ ሸራው አይዝም። የተሳሳተ ዘይት ገብቶ ከነበረ አንዴ ወይም ሁለቴ በትክክለኛው ሲቀየር ይስተካከል ይሆናል። ያለቀ ሸራን ግን የትኛውም ዘይት አያድንም።

ቅየራው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑን ነው። የሞተር ሳይክሉ መመሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ለተራ ቅየራ፣ ሌላው ሞተሩ ተፈቶ ሲገጠም። ለምሳሌ 1 ሊትርና 1.2 ሊትር ቢል የሚያስፈልጋችሁ የመጀመሪያው ነው፤ ቀሪው አሮጌ ዘይት ሞተሩ ውስጥ ይቀራልና። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሲሞላ ክራንኩ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ በመተንፈሻው ቱቦም ወደ አየር ማጣሪያው ይተፋዋል።

ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አሙቁ፣ የላይኛውን የዘይት መሙያ ታፖ ክፈቱ፣ ከዚያ የታችኛውን የማፍሰሻ ብሎን ፍቱ። የወጣውን ዘይት ወዲያው አትድፉት። ብሎኑ ማግኔት ካለው እላዩ ላይ የሚገኘው ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር የተለመደ ነው። በሁለት ጣት ሲታሽ የሚቆረቁር፣ በብርሃን የሚያብለጨልጭ ስባሪ ግን ከማርሽ ጥርስ ወይም ከኩሽኔታ የመጣ ነው። ከብረት ይልቅ የተቃጠለ ሽታ ያለው ቡናማ ብናኝ ከሆነ ምንጩ የፍሪሲዮን ሸራው ነው። የሽቦ ወንፊት ካለው በቤንዚን እጠቡት፣ ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ፣ ብሎኑንም መጀመሪያ በእጅ አስይዙ። የአሉሚኒየም ጥርስ በቁልፍ ጉልበት በቀላሉ ይበላል።

ከ1 ሊትሩ 900 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጡ) ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አሠሩ፣ አጥፍታችሁ ያንኑ ያህል ጠብቁ፤ ከዚያ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩና ጉድለቱን ሙሉ። በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ የተለካ ልክ ልክ አይደለም። መለኪያው ዘንግ ይጠበቅ ወይስ ዝም ብሎ ይነከር የሚለውንም ከመመሪያው አረጋግጡ። መጠበቅ የሌለበትን ብታጠብቁት ጠልቆ ስለሚገባ የጎደለውን ሙሉ አስመስሎ ያሳያል። ጣሳው ጎን ላይ ያለው የመጠን መስመር ለዚህ ሥራ አያስተማምንም፤ መለኪያ ኩባያ ተጠቀሙ።

ካምቢዮው የራሱ ዘይት ያለው ባለ ሁለት ምት፣ ስኩተር ወይም በዘንግ የሚነዳ ከሆነ ሌላ ስሌት ነው። የማርሽ ዘይት ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አይወዳደርም፦ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ውፍረቱ 40 እና 50 ከሚባሉት የሞተር ዘይቶች ጋር ይቀራረባል፤ 80ው ደግሞ እንዲያውም ይቀጥናል። የባለ ሁለት ምት ካምቢዮ ፍሪሲዮኑንም ስለሚያርስ ጂ ኤል 5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ደረጃ አይገባበትም፤ በዘንግ ለሚነዳው የኋላ ማርሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እሱው ነው። በባለ ሁለት ምቱ ላይ ውጭ ምንም ሳይንጠባጠብ የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ጭሱ ከበዛ፣ ዘይት ከመጨመር በፊት በፍሪሲዮኑ በኩል ያለውን የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎማ) ቀይሩ።